«አይዞህ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በኮምፒውተሬ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ ተቀምጧል። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ነው። ተናጋሪው በቬትናም የዘመቱ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰብሰብ ያደርጉና «ያን ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር» ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታውን ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባት ሰከንድ ነው። በስምንተኛው ሰከንድ የእኔ ድምፅ ይገባል። «አይዞህ» እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ቃል ነው።

በሙያዬ ነርስ ነበርኩ። በዋሽንግተን ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከአረጋውያን ጋር ነው። በዚህ አካባቢ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብቶ የእኛን ሰው ሳያይ የሚወጣ ጥቂት ነው። መድኃኒት የምታድለው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሌሊት ደወል ሲደወል ብድግ የሚለው ሐበሻ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ኮሌጅ እየተማራችሁ ቅዳሜና እሑድ እዚያው ትሠራላችሁ። ከምታጥቧቸውና ከምታጎርሷቸው ወንዶች መካከል አንዳንዶቹ ከራሳቸው የማይለዩት ጥቁር ኮፍያ አላቸው፤ በላዩም «ቬትናም» የሚል ተጽፎበታል። ስለ ኮፍያው ስንቶቻችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ቬትናም ምድር ላይ ያገለገሉት አሜሪካውያን 2.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ተዋጊ ወታደሮች የወጡት እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1973 ነው፤ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቆጠራ ነው የምጽፍላችሁ)። በዚያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰባ አልፎታል። ትልልቆቹ ብዙዎቹ የሉም።

ዝምታቸው ከየት እንደመጣ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማችኋል። እነዚህ ሰዎች የዘመቱትም የተመለሱትም በየግላቸው ነበር። አንድ ወታደር አሥራ ሁለት ወር፣ ባሕር ወለድ (ማሪን) ከሆነ አሥራ ሦስት ወር ቆጥሮ ቀኑ ሲሞላ ጓደኞቹን እዚያው ትቶ ብቻውን አውሮፕላን ይሳፈራል። አባቶቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ በመርከብ ሳምንት ሁለት ሳምንት አብረው እየተጨዋወቱ ነበር የመጡት። የቬትናሙ ልጅ ግን ከጭቃው ወጥቶ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ እናቱ ወጥ ቤት ተቀምጦ ቁርስ ይበላል። አገሩ ደግሞ በጦርነቱ ለሁለት ተከፍላለች። ለማን ይናገር? ሆድ ይፍጀው ብሎ ሥራ ፈልጎ ገባ። ዛሬ የምናውቀው የጦርነት ጭንቀት ሕመም እንኳ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መዝገብ ውስጥ በስሙ የገባው በ1980 ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በእኛ ቆጠራ ከካራማራ ግንባር ሲመለስ እናቴ ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ «አትጠይቁት፣ ይረፍ» አለችን። ከፍቅር የመጣ ትእዛዝ ነበር፤ ፈጸምነው። ወንድሜ ግን ዐረፈ ለማለት አልደፍርም። ያየውን ሳይነግረን አረጀ፣ ሳይነግረን ሞተ። እኔም በማላውቀው አገር የሌላ ሰው ወንድም ፊት ለፊት የተቀመጥኩት በዚያ ቁጭት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

መጀመሪያ ፈቃድ። በሥራ ሰዓት፣ ሠራተኛ ሆናችሁ፣ የታካሚን ድምፅ በስልካችሁ አትቅረጹ። ሕግም ሙያም ይከለክላል፤ ያማረ ሐሳብ ስላላችሁ የሚፈቀድላችሁ ነገር አይደለም። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ለቤተሰቡ መንገር ነው፦ «አባታችሁ ትናንት ስለ ቬትናሟ ከተማ ስለ ዳናንግ ሲያወሩ ነበር፤ ለምን ቁጭ ብላችሁ አትቀርጿቸውም?» ማለት። ከሥራችሁ ውጪ ደግሞ ጎረቤት አለ፣ የትምህርት ቤታችሁ የቀድሞ መምህር አለ፣ የጓደኛችሁ አያት አሉ። እነሱንም ቢሆን ጠይቃችሁ፣ እሺ ካሉ ብቻ።

ቀረጻው የሚቀመጥበት ቦታም አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ሕግ መሠረት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዘማቾችን የቃል ታሪክ ይሰበስባል። ጠያቂው ባለሙያ እንዲሆን አይገደድም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይችላል። ቃለ መጠይቁ ሳይቆራረጥ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ መሆን አለበት፣ ባለታሪኩም በፊርማው መፍቀድ አለበት። ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻና ፎቶግራፍም ይቀበላሉ። ቴክሳስ ውስጥ ላቦክ ከተማ ያለው የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለቬትናም ጦርነት ብቻ የተቋቋመ ትልቅ መዝገብ አለው። እናንተ ግን የትም ብትልኩ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ለእናንተ አስቀሩ።

ጠዋት ቅረጹ። አረጋዊ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደክማል፤ ሲመሽ ደግሞ ትዝታው ይከብድበታል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ የግድግዳ ሰዓት ካለ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ። የመስሚያ መርጃቸው ባትሪ እንዳለው አረጋግጡ፤ ይህን ረስቼ ግማሽ ሰዓት ያበላሸሁበት ቀን ነበር። ውኃ አጠገባቸው ይኑር።

ከትንሽ ነገር ጀምሩ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው መልሱ «ከባድ ነበር» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። «ጫማዎት ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጅበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰውዬ ለዚህ ጥያቄ ሃያ ደቂቃ መለሱልኝ፤ ስለ ቀዩ አፈር፣ ስለሚበሰብሰው ካልሲ፣ ካልሲ በፖስታ ትልክላቸው ስለነበረችው አክስታቸው። «ደብዳቤ ስትጽፉ ቴምብር ከየት ታገኙ ነበር?» በሉ። ቴምብር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በፖስታው ጥግ ላይ «ነጻ» ብለው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ይሄዳል። ምን እንደበሉ ጠይቁ። የጣሳ ምግባቸውን የሚከፍቱባት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ በማጠፊያ የምትገጠም ብረት ነበረቻቸው፤ ፒ-38 ይሏታል። እኚሁ ሰው ኪሳቸው ገብተው የቁልፍ መያዣቸውን አወጡና ከመኪናው ቁልፍና ከቤቱ ቁልፍ መካከል እሷን ለይተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥርሷ ተበልቶ ለስልሷል። ሃምሳ ዓመት ኪስ ውስጥ ኖራለች።

ሣጥን ካለ እንዲከፈት ጠይቁ። ያኔ ብዙዎቹ ድምፃቸውን በትንንሽ የቴፕ ጥቅል ቀርጸው ወደ ቤት ይልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ቴፕ ካገኛችሁ በአሮጌ ማጫወቻ ልስማው ብላችሁ አትሞክሩ፤ ያረጀ ቴፕ አንዴ ከተበጠሰ ወይም ሽፋኑ ከተላጠ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ሲናገሩ አታርሟቸው። ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ፣ የአንድ መንደር ስም ቢያምታቱ፣ ዝም በሉ። የታሪክ ጸሐፊው ከሌላ ሰነድ ያስተያየዋል። እናንተ የምትይዙት እሳቸው እንዴት እንደሚያስታውሱት ነው።

«ሰው ገድለዋል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላችኋለሁ። መናገር ከፈለጉ በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው በር ይገቡበታል። ካልፈለጉ ያ ነገር የእሳቸው ነው፤ ከእኛ ጉጉት ይበልጣል። ከንግግሩ በኋላ ሌሊቱ ሊከብዳቸው ስለሚችል በማግስቱ ደውሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካነሡ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ሲጫኑ ለዘማቾች የተመደበ ሰው እንደሚመልስ ለእሳቸውም ለቤተሰባቸውም ንገሩ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ጦርነት ማክበር አለብን ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሰውን አክብራችሁ ማዳመጥ ጦርነቱን ማሞገስ አይደለም። የቬትናም መንግሥት በ1995 ባወጣው ግምት በሰሜንም በደቡብም የሞቱት ሲቪሎች ብቻ ሁለት ሚሊዮን ይሆናሉ። ከተካዱትና ከተረሱት መካከል ደግሞ ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጉት የደቡብ ቬትናም ወታደሮች ይገኛሉ። ብዙዎቻችን የምንኖርባት ፎልስ ቸርች ውስጥ ኢደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች ገበያ አለ፤ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት ቢጫ ባንዲራ ይውለበለብበታል። ያ የጠፋችው አገራቸው ባንዲራ ነው። አገር ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እዚያ ቡና የሚጠጡትንም ሽማግሌዎች ጠይቁ። የዘመቱትን አሜሪካውያን ሴቶችም አትርሱ፤ አብዛኞቹ እንደ እኔ ነርሶች ነበሩ። በዋሽንግተን ባለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግንብ ላይ ከተቀረጹት የሟቾች ስሞች ስምንቱ የሴቶች ናቸው፣ ስምንቱም ነርሶች።

ወደ እኚያ ሽማግሌ ልመለስ። መጀመሪያ ያወቅኳቸው በሕመምተኝነት ነው። ስሜን ሰምተው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝና ስነግራቸው በአማርኛ «ደህና ነሽ?» አሉኝ። ለካ ወደ ቬትናም ከመላካቸው በፊት አስመራ ነበሩ። ያኔ የአሜሪካ ጦር እዚያ ቃኘው የሚባል ትልቅ የመገናኛ ሰፈር ነበረው፤ ወደ ኮሪያ የዘመቱት ሻለቃ ጦሮቻችን የሚጠሩበት ስም ማለት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። «ለእኔ አይናገርም፣ ለአንቺ ግን ይናገራል» አለችኝ። በቤታቸው፣ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን።

አርባ ደቂቃ ሙሉ መንገዱን ሲያስተካክሉ ነበር። አሁን ሳዳምጠው ይገባኛል፤ የጫማው ወሬ፣ የዝናቡ ወሬ፣ የአንድ ጓደኛቸው ሳቅ፣ ሁሉም ወደዚያ ጠዋት የሚወስድ ነበር። ከዚያ «ያን ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር» አሉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። እኛ ሐበሾች የሰው ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ዝም ብሎ ማየት አልተማርንም። በእንግሊዝኛ ስናወራ ቆይተን ከአፌ የወጣው አማርኛ ነበር፤ «አይዞዎት» እንኳ አላልኩም፣ ለወንድሜ እንደምለው «አይዞህ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ይህን ቃል አውቀዋለሁ!» አሉ። አስመራ ሳሉ ከሞተር ብስክሌት ወድቀው አንድ የጥበቃ ሰው ሲያነሣቸው የነገራቸው ቃል ነበር። የቀረው ሃያ አምስት ደቂቃ ስለ አስመራ ነው፤ ዘንባባ ስለተሰለፈበት ጎዳና፣ ስለ ማኪያቶው፣ ስለዚያ የጥበቃ ሰው። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በመጋቢት እንቀጥላለን ብለን ተቀጣጠርን፤ በየካቲት ሞቱ።

«አይዞህ» ደግ ቃል ነው። ግን ለሚያለቅስ ሰው «በቃ፣ ጥረገው» ማለትም ይሆናል። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያልከፈተውን በር ገርበብ ሲያደርግ እኛ ብርዱ እንዳይመታው ብለን መልሰን እንዘጋዋለን። ከዚያ በኋላ በቀረጽኳቸው ሰዎች ፊት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ እስከ ሃምሳ ሁለት ደርሻለሁ። በሃምሳ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ቀጠሉ።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው በቦርሳቸው ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አገኘች። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተጽፈውባታል። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔ አወቅሁት። የግንቡ ጽላት ቁጥርና የመስመር ቁጥር ነው።

አብረን ሄድን። ግንቡ በ1982 ሲመረቅ ጀምሮ ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ አይደለም፤ በሞቱበት ቀን ነው። ንድፉን ያወጣችው የሃያ አንድ ዓመቷ ተማሪ ማያ ሊን ናት። አብረው የወደቁ አብረው ይገኛሉ ማለት ነው። ከ58,000 በላይ ስም አለ። ከስሙ አጠገብ አልማዝ ቅርጽ ካለ ሞቱ ተረጋግጧል፤ መስቀል ካለ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ስሙን ስትፈልጉ የራሳችሁን ፊት በስሞቹ መካከል ታያላችሁ።

ጽላቱን አገኘነው። መስመሩን ከላይ ወደ ታች በጣታችን ቆጠርን። በዚያች መስመር ላይ አምስት ስሞች አሉ፤ አምስቱም አልማዝ አላቸው። ልጅቱ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ነበር፤ ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ አድርጋ በእርሳስ ስታሽ ፊደሉ ይወጣል። ወረቀቷን ዘረጋችና ወደ እኔ ዞራ «የትኛው ነው?» አለችኝ።

አምስቱንም አተመቻቸው።