የጎረቤት ልጅና የ30 በመቶ ትርፍ

ጥያቄ፦ ጂዳ ሠርቼ የቋጠርኩት 400 ሺህ ብር አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ የውጭ ምንዛሪ እነግዳለሁ፣ በየወሩ 30 በመቶ ትርፍ እሰጥሻለሁ ይለኛል። ለጓደኛዬ ሁለት ወር ከፍሏታል። ልስጠው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። ትርፉ በየወሩ ከዋናው ጋር እየተደመረ ቢሄድ 400 ሺህ ብርዎ በዓመቱ ከ9 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ጎረምሳ የእርስዎን ጥሪት ምን አስለመነው?

ለጓደኛዎ መከፈሉ ማስረጃ አይሆንም። ቻርልስ ፖንዚ የተባለ አጭበርባሪም በ1920 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ብሎ ለቀደሙት ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለው ግን ኋላ ከመጡት ገንዘብ ነው።

ልጁ በእውነት ቢነግድስ? ይህ ንግድ ብዙውን ጊዜ በብድር፣ ካስያዙት ገንዘብ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ መጠን ይካሄዳል። መቶ እጥፍ ከሆነ፣ ዋጋው 1 በመቶ ብቻ ወደ ኋላ ቢመለስ ያስያዙት በሙሉ ይጠፋል። 1 በመቶ ደግሞ በአንድ ቀን ሊመጣ የሚችል ለውጥ ነው።

በሰው ገንዘብ ለመነገድ የሚያስችል ሕጋዊ ፈቃድ ካለው በጽሑፍ ያሳይዎ። «በሂደት ላይ ነው» ካለዎት ቡና አጠጥተው ይሸኙት።