ነርሲንግ በኮሚኒቲ ኮሌጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ትምህርት ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ከመጣው ሁሉ የበዛው የነርሲንግ ጥያቄ ነው፣ የጻፋችሁልኝም በብዛት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ ነርሲንግ ሆም ወይ ሆም ኬር የምትሰሩ ናችሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ትቼ እሱን ብቻ ልመልስ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ የማንንም ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ጂኤንኤ (ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን የምንከባከብ የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጓደኞቼ በኮሚኒቲ ኮሌጅ አትልፊ፣ አሁን ሆስፒታል ያለ ባችለር አይቀጥርም ይሉኛል። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ግማሹ ነው እውነቱ እህቴ። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ይዛ የወጣችውም ከዩኒቨርሲቲ ባችለር ይዛ የወጣችውም የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው፣ የነርስ ላይሰንስ የሚያሰጠው ኤንክሌክስ አርኤን፣ ቢያንስ 85 ቢበዛ 150 ጥያቄ በ5 ሰዓት፣ ስታልፊ የምታገኚው ላይሰንስም ያው አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጥር ላይ ነው፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች በተለይ ማግኔት የሚባለው እውቅና ያላቸው ባችለር ያላትን ያስቀድማሉ፣ ወይ ቀጥረውሽ በዚህ ያህል ዓመት ውስጥ ባችለርሽን ጨርሺ ብለው ያስፈርሙሻል። ኒውዮርክማ በ2017 በወጣ ህግ አዲስ አርኤኖች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ አስገድዳለች። ግን ይሄ ሁሉ አርኤን ከሆንሽ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው፣ ያኔ በአርኤን ደሞዝ እየሰራሽ ቀሪውን በኦንላይን ትጨርሻለሽ፣ ብዙ አሰሪም ክፍያውን በከፊል ይሸፍናል። አሶሼቱን እየተማርሽ የባችለሩን ክላሶች ጎን ለጎን የሚያስጀምሩ ኮሌጆችም አሉ፣ ጠይቂያቸው። ሁለት ልጅ ይዛ ለምትሰራ ሰው እኔ ሳልጠራጠር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ፣ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ሲሉሽ ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባሽ ጀምሮ ነው። ከዛ በፊት እንግሊዝኛው፣ ሂሳብ ወይ ስታትስቲክሱ፣ ሳይኮሎጂው፣ ኤ ኤንድ ፒ (አናቶሚና ፊዚዮሎጂ) 1 እና 2፣ ማይክሮባዮሎጂ አሉ፣ እየሰራሽ ስትወስጂያቸው ዓመት ከመንፈቅም ሁለት ዓመትም ይፈጃሉ። ዝርዝሩ ደግሞ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፣ ታኮማ ፓርክ ያለው የሞንጎመሪ ኮሌጅ ፕሮግራም፣ ላርጎ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው የኖቫው (የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ)፣ ሁሉም የየራሱ አለው። ስለዚህ አንድም ክላስ ከመመዝገብሽ በፊት የምታስቢያቸውን የሁለት ሶስት ኮሌጆች ዝርዝር አውጥተሽ አስተያዪ፣ የጋራ የሆኑትን አስቀድሚ። ዋጋውንም እይ፣ ከካውንቲሽ ውጪ ከሆነ ይጨምራል፣ ከስቴትሽ ውጪ ከሆነ ደግሞ በጣም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ኤ ኤንድ ፒ 1ን በሲ አለፍኩ። አድቫይዘሬ ሲ ይበቃል ብሎኛል፣ ቀጣዩ ሴሚስተር ኤ ኤንድ ፒ 2፣ ማይክሮ፣ ስታትስቲክስና ሳይኮሎጂ አንድ ላይ ልወስድ ነው፣ ፔሉም (የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ሙሉ እንዲገባልኝ። ስራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ እባክህ እንደዚህ አታድርግ። አድቫይዘሩ አልዋሸህም፣ ሲ ለማመልከት ይበቃል፣ ለመግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንበሩ ውስን ነው፣ የሚያስተምር ሰውም ተማሪ የሚቀበል ሆስፒታልም ስለሚያጥር ኮሌጁ ቢፈልግም ዝም ብሎ ተማሪ መጨመር አይችልም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ አመልካቹን በነጥብ ደርድረው ከላይ ነው የሚወስዱት፣ ነጥቡ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዚህ ከሶስት አራት የሳይንስ ክላሶች ነው። ኤ ኤንድ ፒ 1 ላይ ሲ ያለው ሰው አራት ክላስ ደርቦ 48 ሰዓት ሲሰራ ኤ አያመጣም፣ ጎበዝ ሳትሆን ቀርተህ አይደለም፣ ላብ ያለው ክላስ በየቀኑ ማንበብ ስለሚፈልግ ነው፣ የአጥንቱንና የጡንቻውን ስም በፈተና ዋዜማ ሌሊት አትጨርሰውም።

እኔ ሁሌ የምለው አንድ ሴሚስተር ላይ አንድ ከባድ ሳይንስ ነው። ሁለተኛ ከጨመርክ ቀለል ያለ ይሁን። ዘገየሁ ትላለህ፣ ግን ሲ ይዞ በየዓመቱ እያመለከተ የሚመለሰው ሰው ነው እኮ የዘገየው። የደገምከውን ክላስ አንዳንዱ ኮሌጅ የተሻለውን ይይዝልሃል፣ አንዳንዱ ሁለቱን ያካፍላል፣ አንዳንዱ ስንቴ እንደምትደግም ይገድባል፣ ሳይንሱ ከአምስት ወይ ከሰባት ዓመት ካለፈው የማይቀበልም አለ፣ ስለዚህ ኤ ኤንድ ፒ 1ን ልድገም ወይስ ልለፈው የሚለውን የነርሲንግ ክፍሉን ኢንፎርሜሽን ሴሽን ገብተህ እነሱን ጠይቅ እንጂ ጠቅላላ አድቫይዘሩን ብቻ ይዘህ አትወስን።

ስለ ፔሉ፣ የብዙ ሰው ኬዝ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ለገንዘቡ ብለህ ክላስ ከሞላህ በኋላ ሲከብድህ ክላሱን ጥለህ ስትወጣ (ዊዝድሮው ስታደርግ) እሱም እንደሞከርከው ይቆጠራል፣ ከሞከርካቸው ክሬዲቶች በአብዛኛው ቢያንስ 67 ከመቶውን ካላለፍክ ወይ ጂፒኤህ ከ2.0 ከወረደ ፋይናንሺያል ኤይዱ ይቆማል። በእድሜ ልክ የሚሰጥህ ፔል ደግሞ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ ነው፣ ሁለት ክላስ ስትወስድ ግን በዛው ልክ ቀንሶ ይሰጥሃል፣ የቀረው አይጠፋብህም፣ ለነርሲንጉ ጊዜ ይቆይልሃል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ይጎዳልም። የሚጠቅመው፣ ትራንስክሪፕትህን ደብሊውኢኤስ ወይ ኢሲኢ በመሰሉት የውጭ አገር ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ኮርስ በኮርስ ካስገመገምከው ኮሌጁ ሂሳቡን፣ ኢኮኖሚክሱን፣ አንዳንዴ ሳይኮሎጂውን ሊይዝልህ ይችላል። ኦፊሻሉ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው የሚላከው፣ ኮስት ሼሪንግ ያልከፈልክ ከሆነ ደግሞ እሱን ሳትጨርስ አይለቁልህም፣ ስለዚህ አገር ቤት የሚሯሯጥልህ ሰው ዛሬውኑ አስጀምር። የሚጎዳው፣ ባችለር ያለው ሰው፣ ከውጭ አገር የመጣም ቢሆን፣ ፔል ግራንት አያገኝም። ዲግሪ የለኝም ብላችሁ ሙሉ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያው ቅጽ) ላይ መዋሸት የፌዴራል ጥፋት ነው፣ ያው ትራንስክሪፕትህም ለክሬዲት ሲገባ ይታያል። የሚቀርህ የፌዴራል ብድር፣ የኮሌጁ ስኮላርሺፕና የአሰሪህ እርዳታ ነው። ዲግሪ ላላቸው ተብሎ የተዘጋጀ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ ባችለርም በየዩኒቨርሲቲው አለ፣ ውድ ነው፣ ስራም አያሰራም፣ ግን ሳትመዝነው አትለፈው።

ጥያቄ፦ አሳይለም ጠይቄ እየጠበኩ ነው፣ ፋፍሳ መሙላት እችላለሁ?

መልስ፦ ውሳኔ እየጠበቅሽ ባለሽበት የፌዴራል እርዳታ የለም። ሲፈቀድልሽ ግን ግሪን ካርዱን ሳትጠብቂ ብቁ ትሆኛለሽ። እስከዛው አንድ አንድ ክላስ በኪስሽ መውሰድ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ መግቢያ ፈተናውን፣ ቲስን፣ ሁለቴ ተፈተንኩ፣ 58 እና 61። የምጠቀመው ዩቲዩብ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደጣለሽ ውጤቱን ዘርዝረሽ እይ። ፈተናው 170 ጥያቄ ነው፣ ንባብ 45፣ ሂሳብ 38፣ ሳይንስ 50፣ እንግሊዝኛ 37፣ በጠቅላላው 209 ደቂቃ። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ላይ ደህና ናቸው፣ የሚጥላቸው ንባቡ ላይ ሰዓት ማለቁ ነው። የሳይንሱ ትልቁ ድርሻ ኤ ኤንድ ፒ ነው፣ እሱን ክላስ ሳትጨርሺ ከተፈተንሽ 61 አይገርምም። አሁን ሶስተኛ ሙከራ አትቸኩዪ፣ ኮሌጁ ስንት ሙከራ እንደሚቀበል አረጋግጪ፣ ከዛ ዩቲዩቡን ቀንሰሽ ሰዓት ይዘሽ ጥያቄ ስሪ። ማየትና መስራት በጣም ይለያያል። ሁሉም ኮሌጅ ደግሞ ቲስ አይጠይቅም፣ ሄሲ የሚባል ሌላ የመግቢያ ፈተና የሚጠይቅ አለ፣ ምንም የማይጠይቅም አለ።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው፣ እንግሊዝኛዬ የስራ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቼ እማዬ ተማሪ ይሉኛል፣ እኔ ግን አፍራለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ የእድሜ ገደብ የለም። ከእርስዎ በላይ ሆነው ጨርሰው የሚሰሩ አሉ። እንግሊዝኛውን ግን አልዋሽዎትም፣ የነርሲንግ ጥያቄ አራቱም ምርጫ ልክ የሚመስልበት ነው፣ ቅድሚያ ማንን ታያለሽ ነው የሚለው፣ አንዲት ቃል ካመለጠች መልሱ ያመልጣል። ስለዚህ የኮሌጁን መመደቢያ ፈተና ወስደው ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የሚሰጥ ክላስ) ቢደርስዎት ጊዜ ማባከን ነው ብለው አይለፉት። በሽተኛ አጥበው፣ አብልተው፣ ሲደክም ከፊቱ የሚያውቁ ሰው ነዎት፣ እሱን ክላስ ውስጥ ያለ የ20 ዓመት ልጅ የለውም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ተቀበለኝ! ግን የቲቢ ምርመራዬ ክንዴ ላይ አበጠ። ይሰርዙኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ! አይሰርዙሽም። ልጅ ሆነን የተከተብነው ቢሲጂ የቆዳውን ምርመራ ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በደም የሚሰራውን፣ ኳንቲፌሮን የሚባለውን ስሩልኝ በያቸው፣ ቢሲጂ አያሳስተውም። እሱም ፖዘቲቭ ከሆነ ራጅ ትነሻለሽ፣ ራጁ ንጹህ ከሆነ የተኛ ቲቢ ነው ይሉሻል፣ የማይተላለፍ ነው፣ መድሀኒት ያቀርቡልሻል። ገና ያልገባችሁም ሄፓታይተስ ቢን ከአሁኑ ጀምሩ፣ የተለመደው ሶስት ዶዝ ስድስት ወር ይወስዳል፣ በሱ ምክንያት ክሊኒካል (ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው ልምምድ) የሚያመልጠው ሰው አለ። የድራግ ምርመራም አለ። ማሪዋና በሜሪላንድ ከሀምሌ 2023 ጀምሮ ተፈቅዷል ብላችሁ አትተማመኑ፣ ሆስፒታሉ አይቀበልም፣ ጫትም ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ህግ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሎሪዳ ያለ ትምህርት ቤት ክላስ ሳልሄድ በወራት አርኤን እንደሚያደርገኝ አንድ ሰው ነገረኝ፣ 15 ሺህ ዶላር ነው።

መልስ፦ አትክፈል። በጥር 2023 የፌዴራል መንግስት 25 ሰዎችን የከሰሰበት ጉዳይ ይሄው ነው፣ ፍሎሪዳ ያሉ ሶስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የውሸት ዲፕሎማ ሸጠው ነበር፣ ከገዙት ውስጥ ኤንክሌክስ አልፈው ስራ የገቡ ነበሩ፣ ላይሰንሳቸውን ያጡም አሉ። በአልጋው ላይ ያለው ሰው ደግሞ የአንዱ ሰው አባት ነው። ክሊኒካል የሌለው ነርሲንግ የለም። ማንኛውንም ትምህርት ቤት የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ዝርዝር ላይ ፈልገው፣ ከሌለ ተወው።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ባችለር ነርስ ነበርኩ፣ አምስት ዓመት ሰርቻለሁ። ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ በፍጹም፣ ከዜሮ አትጀምሪ። ቀጥታ ለስቴቱ ቦርድ አመልክቺ፣ ማስረጃሽን ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል በነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት በተባለው የውጭ ነርሶችን ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት አስገምግሚ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ከጠየቁሽ ተፈተኚ፣ ከዛ ኤንክሌክስ ነው። የሚያዩት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ጥገና፣ በእናቶች፣ በህጻናትና በአእምሮ ህክምና ቲዎሪውንም ክሊኒካሉንም መማርሽን ነው። የጎደለ ካለ ቦርዱ እሱን ብቻ እንድታሟዪ ሊል ይችላል። በጓደኛ ምክር ጂኤንኤ ሆነው ዓመታት የቆዩ ነርሶች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ እያለሁ ናይት ሙሉ ሰዓት መስራት እችላለሁ?

መልስ፦ ክሊኒካል ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ይጀምራል፣ ከናይት ወጥተህ እንቅልፍ ሳታገኝ ለሰው መድሀኒት መስጠት ለታማሚውም ላንተም አደጋ ነው፣ የሚከለክሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ማለፊያው በብዙ ቦታ 75 ወይ ከዛ በላይ ነው፣ 74.9 ደግሞ አይጠጋጋም፣ ሁለት ክላስ ከወደቅክም ብዙዎቹ ያሰናብቱሃል። ከመግባትህ በፊት ባለው ዓመት ኦቨርታይሙን ስራና የቤት ኪራይ የሚሆን አስቀምጥ፣ ስትገባ ወደ ሁለት የዊኬንድ ሺፍት ውረድ። ባለትዳር ከሆንክ ይሄን ከባለቤትህ ጋር በቁጥር ጽፋችሁ ተነጋገሩበት፣ የመቀበያው ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት።