ኮሎኒው አልቀነሰም ማለት ዲኤንኤው አልተጎዳም ማለት ነው?

እህቴ፣ ለማስተርስ ጽሑፍሽ 660 ናኖሜትር የሆነ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ቀይ ሌዘር ኢ. ኮላይ ላይ አብርተሽ፣ የኮሎኒው (ከአንድ ሴል ተባዝቶ በዓይን የሚታየው ነጠብጣብ) ቁጥር ካልበራበት ጋር እኩል ስለመጣ «ሌዘሩ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አይጎዳም» ብዬ ልደምድም ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አትደምድሚ። እኔንም የኮሎኒ ቁጥር አሳስቶኝ ወራት ስላባከንኩ ነው እንዲህ ቁርጥ አድርጌ የምነግርሽ።

ፕሌት (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን) ላይ የምትቆጥሪው ባክቴሪያው ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ የተረፈውን ነው። በአልትራቫዮሌት የታወቀውን ላንሳልሽ። 254 ናኖሜትር የሚያወጣው የጀርም መግደያ መብራት በዲኤንኤው ላይ ጎረቤታሞች የሆኑ ታይሚኖችን (ከዲኤንኤ አራት ቤዞች ማለትም «ፊደላት» አንዱን) እርስ በርስ ያጣብቃል። ዩቪአር ኤ እና ሬክ ኤ የተባሉት የዲኤንኤ ጥገና ጂኖች ሁለቱም የማይሠሩበት ኢ. ኮላይ በመላ ክሮሞሶሙ ላይ እንዲህ ያለ ጥምር አንድ ወይም ሁለት ሲያርፍበት ይሞታል። ጥገናው ሙሉ የሆነው ዘመዱ ግን በሺህ የሚቆጠር ተሸክሞ ኮሎኒ ይሠራል። እንግዲህ በጤነኛ ዝርያ ብቻ ከሠራሽ ስንት ጉዳት ደርሶ ስንቱ እንደተጠገነ በምን ታውቂያለሽ?

የራሴን ልንገርሽ። ከሌዘሩ ጎን ለማነጻጸሪያ አልትራቫዮሌት የበራበት ናሙና እይዝ ነበር። መጠኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ግን አንድ ቀን መቶ ኮሎኒ፣ ሌላ ቀን ከሺህ በላይ ይወጣል። ፓይፔቱን ጠረጠርኩ። አጋሩን፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚያድግበትን ጄል፣ ቀየርኩ። መብራቱ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ተዋስኩ። ለካ ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነበር፤ ፀሐይ በወጣባቸው ቀናት ፕሌቶቹን ኢንኩቤተር ሳላስገባ ትንሽ ከቆየሁ ባክቴሪያው ይድናል። ፎቶላይዝ የሚባለው ኤንዛይም ሰማያዊውን ብርሃን ተጠቅሞ የተጣበቁትን ታይሚኖች ይፈታቸዋል። ተመራማሪው አልበርት ኬልነርም አሜሪካ ባለው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላብራቶሪ ይህን ክስተት አግኝቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በዚሁ ዓይነት ግራ መጋባት አልፎ ነው፤ የሙቀት ልዩነት ነው ብሎ ሲፈትሽ ብርሃን ሆኖ አገኘው። ያን ባነበብኩ ቀን ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። ከዚያ በኋላ መጋረጃ ዘግቼ በቢጫ መብራት ብቻ ነው የሠራሁት፤ ውጤቱም ረጋ። አንቺም ማነጻጸሪያሽ አልትራቫዮሌት ከሆነ ይህን ሳታደርጊ አትቀጥዪ።

ወደ ቀዩ ሌዘር ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ዲኤንኤ አብዝቶ የሚውጠው 260 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ ቀዩን በቀጥታ አይወስድም። ጉዳት ከደረሰ የሚደርሰው በሌላ በኩል ነው፦ በሴሉ ውስጥ ያሉ እንደ ፖርፊሪን ያሉ ብርሃን የሚውጡ ሞለኪውሎች ብርሃኑን ይቀበላሉ፣ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፣ እነሱ ደግሞ ጉዋኒን የተባለውን ሌላ የዲኤንኤ ቤዝ ኦክሲዳይዝ ያደርጋሉ (በኦክስጅን ያበላሹታል)። ስለዚህ ዩቪአር ኤ የጎደለውን ዝርያ ብቻ መያዝ ብዙ አይረዳሽም። የሚያስፈልጉሽ የተበላሸች ቤዝ ነቅሎ የማውጣቱ ሥራ የተስተጓጎለባቸው ናቸው፦ ኤፍፒጂ፣ ኤክሶኑክሌዝ 3 ወይም ኢንዶኑክሌዝ 4 የተባሉት የጥገና ኤንዛይሞች የሌሏቸው። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ያሉ ተመራማሪዎች ቀይና ኢንፍራሬድ ሌዘርን የሚፈትኑት እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን ከጤነኛው ጎን አድርገው ነው። 3,985 ጂኖች አንድ በአንድ የተነቀሉበት የጃፓኑ የኬዮ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ስብስብ ውስጥም ታገኛቸዋለሽ፤ አማካሪሽ ከሌላ ላብራቶሪ እንዲያስመጡልሽ ጠይቂያቸው። ካናማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ጂን ስላለባቸው ግን ጤነኛውን በካናማይሲን አጋር ላይ እንዳትዘሪው።

ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ላይ አብርተሽ መበጠሱን ለማየት በኤሌክትሪክ ጄል ውስጥ ብታስሮጪውም ተጠንቀቂ። ኦክሲዳይዝ የሆነ ጉዋኒን ብቻውን ሰንሰለቱን አይበጥስም፤ ጄሉ ንጹሕ ሆኖ ይታይሻል። የኤፍፒጂ ኤንዛይም ስትጨምሪበት ነው እዚያ ቦታ ላይ ቆርጦ የሚያሳይሽ።

ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ማይክሮስኮፕና የግራም ቀለም አለ። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ክፉኛ ሲጎዳ ኤስኦኤስ የሚባለው የሴሉ የአደጋ ጊዜ ምላሽ ይነሳል፤ ሱል ኤ የተባለው ፕሮቲን የሴሉን መከፈል ያቆማል፣ ሴሉ ማደጉን ሳያቆም ክር መስሎ ይረዝማል። ቢያንስ ሁለት መቶ ሴል ለኪ፤ የትኛው ስላይድ የበራበት እንደሆነ ሳታውቂ ይሁን። ይህን ለመሥራት አንድ ከሰዓት ይበቃሻል፤ ከኮሎኒ ቆጠራሽ የበለጠ ይነግርሻል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሌዘሩ ብርሃን መጠን «4 ጁል» ብቻ ነው የጻፍሽው። 100 ሚሊዋት ለ40 ሰከንድ 4 ጁል ነው፤ ግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ካረፈ በካሬ ሴንቲሜትር 8 ጁል፣ ሁለት ካሬ ላይ ከተበተነ 2 ጁል ይሆናል። በአራት እጥፍ ይለያያል። ኃይሉንም ከመሣሪያው ስክሪን ላይ አትውሰጂ፤ ናሙናው ባለበት ከፍታ በመለኪያ ለኪው። ናሙናው ደፍርሶ ከሆነ ብርሃኑ ታች ስለማይደርስ አቅጥነሽ ስስ አድርጊው። ሌዘሩ ጠፍቶ ያንኑ ያህል ደቂቃ ያንኑ ቦታ የሚቀመጥ ማነጻጸሪያም ይኑርሽ።

አንድ የቡድናችን አባል ከታች «ሌዘሩ መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ ይፈጥር ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። ይህ ሪፋምፒሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ባለበት አጋር ይፈተናል፤ ግን በአንድ ቱቦ አይሆንም። መድኃኒቱን የሚያስችለው ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) በእድገቱ መጀመሪያ ላይ በአጋጣሚ ከተፈጠረ የዚያ ቱቦ ቁጥር ሰማይ ይነካል። ተመራማሪዎቹ ሉሪያና ደልብሩክ በ1943 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ያሳዩበትን ሙከራ አስታውሺና ብዙ ትንንሽ ቱቦዎች ለየብቻ አሳድገሽ መካከለኛውን ቁጥር ውሰጂ።

እስከዚያው «በዚህ መጠን፣ ጥገናው ሙሉ በሆነ ዝርያ ላይ፣ በሕይወት የመቆየት አቅሙ አልቀነሰም» ብለሽ ጻፊ። ያገኘሽው ይህን ነው፤ ፈታኝም አይጥለውም። ለማይክሮስኮፑ ናሙና ስትወስጂ ደግሞ ካበራሽ በኋላ ምግብ ያለው ብሮዝ ውስጥ በ37 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው፤ ወዲያው ካየሽው ለመርዘም ጊዜ አያገኝም።