ጠበል ስገባ ኢንሱሊኔን ላቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ 26 ዓመቴ ነው። ከሁለት ወር በፊት «ስኳር አለብሽ፤ ዕድሜ ልክሽን ኢንሱሊን ትወጊያለሽ» ተባልኩ። እስካሁን መቀበል አቅቶኛል። አክስቴ «መርፌ ይዘሽ ጠበል ብትገቢ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፤ ለሁለት ሱባኤ ተዪው» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እኅቴ። ጠበሉን ሂጂ። መርፌውን ግን አንድ ቀንም እንዳታቆሚ።

አክስትሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰው መድኃኒቱን ሲጥል እምነቱ የጨመረ ይመስለዋል። ግን ይህን ማን አዘዘ?

ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ሰማው፤ 15 ዓመት ጨመረለት። ታዲያ ይህ ሁሉ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? «የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ።» ቁስሉ ላይ አደረጉለት፤ ዳነም (2ኛ ነገ. 20)። ነቢዩ በለስ በማዘዙ እምነቱ ጎደለ እንዴ?

በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ያኔ ለጠበል ብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ብዙዎች ነበሩ።

የአንቺ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ኢንሱሊን ሰውነትሽ ያጣውን ነው የሚተካልሽ። ከቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። ሁለት ሱባኤ እኮ 14 ቀን ነው! መፈታተን ይሄ ነው። ጌታን «ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር» ያለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

«ብድንስ በምን አውቃለሁ?» ትይኝ ይሆናል። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው (ሉቃ. 17፥14)። በሕጉ መንጻትን የሚያረጋግጡት ካህናቱ ነበሩና። አንቺም ለሐኪምሽ አሳዪ። ምርመራው ይናገር።

መቀበል አቅቶኛል ላልሽው፣ ሁለት ወር እኮ ገና ነው። አልቅሺ። ሕዝቅያስም አልቅሷል፤ እግዚአብሔርም «እንባህን አየሁ» ነው ያለው።

ስትሄጂ ኢንሱሊኑን ከፀሐይና ከሙቀት ጠብቂው። በባዶ ሆድ ብዙ ሰዓት ከመቆየትሽ በፊት የመርፌውን መጠንና የምትበዪበትን ሰዓት ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ስኳርሽ ድንገት ቢወርድ የምትወስጂው ከረሜላ ከኪስሽ አይጥፋ። ክርስትና ስምሽንም ላኪልኝ፤ በጸሎት አስብሻለሁ።