ከመለያው ምርጫ አንዱ ቢወጣ ሦስተኛው ይገባል?

ጥያቄ፦ ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ነው የምኖረው። በፓርቲያችን ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ምርጫ፣ የደገፍኩት ዕጩ ሦስተኛ ወጣ። ራንኦፍ ወደሚሉት የመለያ ምርጫ ካለፉት ሁለቱ አንዱ ሊወጣ ነው ይባላል። የእኔ ሰው ቦታውን ይይዛል?

መልስ፦ አይይዝም። በቴክሳስ ከሁለቱ አንዱ በጊዜው ከወጣ የቀረው በቀጥታ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል፤ ለዚያ ወንበር የመለያ ምርጫ ይቀራል። እዚያው እናንተ ሰፈር የሆነውን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በ3ኛው የኮንግረስ ወረዳ የሪፐብሊካን ፕራይመሪ ቫን ቴይለር 49 በመቶ ገደማ አግኝቶ ያለ መለያ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ የሚለውን መስፈርት ለጥቂት ሳተ። በማግስቱ ከውድድሩ መውጣቱን አስታወቀ። ከሩብ እምብዛም ያልዘለለ ድምፅ የነበረው ኪት ሰልፍ ዕጩ ሆነ፤ ሦስተኛ የወጣችውን ሱዛን ሃርፕን የጠራት የለም።

ይሁንና «ወጥቻለሁ» ብሎ መግለጫ መስጠት ብቻውን መውጣት አይደለም። ዕጩው ስሙ ከድምፅ መስጫው እንዲነሳ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ወረቀቱን ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት መፈረም፣ ከዚያም ማስገባት አለበት፤ ለካውንቲ ወንበር ለፓርቲው የካውንቲ ሊቀመንበር፣ ለኮንግረስ ወይም ለስቴት አቀፍ ወንበር ለፓርቲው የስቴት ሊቀመንበር። በ2022 የመጨረሻው ቀን ማርች 16 ነበር። ቀኑ በየምርጫው ስለሚለያይ የስቴቱ ጸሐፊ ቢሮ የሚያወጣውን የምርጫ ካላንደር ይመልከቱ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ቀኑ ካለፈ ሰውየው ዘመቻውን ቢዘጋም ስሙ ድምፅ መስጫው ላይ ይቆያል።

ጆርጂያ ቢኖሩ መልሳችን ሌላ ነበር። እዚያ ካለፉት አንዱ ሲወጣ ከቀሩት መካከል ብዙ ድምፅ ያላቸው ሁለቱ ይወዳደራሉ፤ ሦስተኛው ይገባል ማለት ነው። ለመራጩ ይኼኛው የሚሻል ይመስለናል፣ ቢያንስ የሚመርጠው አያጣም። ችግሩ ጊዜው ማጠሩ ነው፤ መለያው ከፕራይመሪው በ28ኛው ቀን ስለሚደረግ ሦስተኛው ሰው የበተነውን ዘመቻ በጥድፊያ መልሶ ማሰባሰብ ይኖርበታል። ኖርዝ ካሮላይና ደግሞ መሪው ከ30 በመቶ በላይ ካላገኘ ሁለተኛ የወጣው መለያ ምርጫ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ከፕራይመሪው በኋላ እስከ ዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ድረስ ካልጠየቀ ነገሩ ያኔውኑ አለቀ።

ባይጠይቁንም አንድ ነገር፦ የእርስዎ ፓርቲ መለያ ቀረ ብለው በሜይ ወደ ሌላው ፓርቲ መለያ ለመሄድ አያስቡ። በቴክሳስ በማርች በአንዱ ፓርቲ ፕራይመሪ ድምፅ የሰጠ ሰው በሌላው መለያ መምረጥ አይችልም። በማርች ጭራሽ ያልመረጠ የቤተሰብ አባል ካለዎት ግን፣ የተመዘገበ መራጭ እስከሆነ ድረስ፣ ከሁለቱ ፓርቲዎች በወደደው መለያ መምረጥ ይችላል።