«ድምፅሽ ለሬዲዮ አይሆንም ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሥነ ጽሑፍ ነው። ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ታሪክና ስለ ኪነ ጥበብ ሰው እየጋበዝኩ የማወያይበት የሬዲዮ ፕሮግራም ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ድምፅሽ ቀጭን ነው ይሉኛል። ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባና በጋዜጠኝነት ማስተርስ ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የድምፁን ነገር እንጨርሰው። እኛ አገር «የሬዲዮ ድምፅ» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ የሰማ ሰው ሌላውን ሁሉ በእሱ ይመዝናል። ወጋየሁ ግን የመድረክ ተዋናይ ነበር፤ የሠራውም ትረካ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ጨዋታ ነው። በጨዋታ ላይ አብዛኛውን ሰዓት የሚናገረው እንግዳው ነው። ቃል ካልዋጥሽና ካልተጣደፍሽ፣ ቀጭን ድምፅ ማንንም አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ሳትሰሚው አትቀሪም። አንዱን ክፍል ክፈቺና የእሷን ጥያቄዎች ብቻ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ከዚያ ለያዪያቸው፤ የትኛው ቀድሞ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው? የትኛው እንግዳው አሁን ከተናገረው ነገር የተወለደ ነው? ሥራው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እንግዳሽ «ያኔ እስር ቤት ነበርኩ» ብሎ እንደ ዋዛ ሲያልፍ፣ አንቺ ወረቀትሽ ላይ ያለውን ቀጣዩን ጥያቄ ካነበብሽ ፕሮግራሙ እዚያው አለቀለት። አድማጭ «ኧረ ጠይቂው እንጂ!» እያለ ጣቢያ ይቀይራል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ ደግሞ የእንግዳውን ሕይወትና ሥራ ቀድመሽ በደንብ ማንበብ አለብሽ። ያላነበበ ሰው የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

እንግሊዝኛ የምትሰሚ ከሆነ የቢቢሲ ሬዲዮ 4ን «ኢን አወር ታይም» ጨምሪበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ፤ ሜልቪን ብራግ እስከ 2025 መራው። አንድ ርዕስ፣ ሦስት ምሁራን፣ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ። የዕለት ወሬ የለም። አቅራቢው የርዕሱ ሊቅ አልነበረም፤ ምሁራኑ ነገር ሲያንዛዙ ግን ያቋርጣቸው ነበር። ከጀርባው ምሁራኑን የሚመርጡና ማስታወሻ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ።

እኔ ለአንቺ የምመኘው በር ይኼ የጀርባው ሥራ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ራሱ ያነባል፣ ራሱ እንግዳ ይፈልጋል፣ ራሱ ያቀርባል፣ ራሱ ኤዲት ያደርጋል። ጊዜ የለውም። የምትወጂውን አንድ ፕሮግራም ምረጪና ሊጋበዝ ስለሚገባው ሰው ሁለት ገጽ ጻፊላቸው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ እስካሁን ያልተጠየቀው ምን እንደሆነ። «ሥራ ቅጠሩኝ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ይኼ ይነበባል።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ ልሁንልሽ። በኤፍ ኤም ከምትሰሚያቸው የጥበብ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የጣቢያው ሠራተኞች ሥራ አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው የሚሠሯቸው። ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛሉ፣ ስፖንሰር ያፈላልጋሉ፣ የተረፈው የእነሱ ነው። አንዳንዴ የሚተርፍ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ ደግሞ ቢራ ፋብሪካ ደጅ መጥናትም ቀርቷል። ስለ ግጥም ለሚያወራ ፕሮግራም ስፖንሰር ማግኘት ከባድ ነው፤ አላባብልሽም። ስለዚህ ደመወዝሽን አሁን አትልቀቂ።

ደግሞስ አዲስ አበባ ምን ልትፈልጊ ነው? የተቀመጥሽው እኮ ወሎ ላይ ነው! ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው። ቦሩ ሜዳ፣ የ1870 ዓ.ም. ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት፣ አጠገብሽ ነው። አምባሰልና ባቲ ለቅኝቶቻችን ስም የሰጡ ቦታዎች ናቸው። መንዙማውን ተይው፤ እሱ ብቻውን የዓመት ፕሮግራም ይወጣዋል።

ከመንዙማው ጀምሪ። አንድ አዋቂ አባት ዘንድ ሂጂና የሃያ ደቂቃ ናሙና ቅጂ። ስልክሽ ይበቃል፤ ወደ አፋቸው ቀረብ አድርገሽ አስቀምጪው፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ምረጪ፣ ፍሪጁን ንቀዪ። «መንዙማ ምንድን ነው?» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ትምህርት መስጠት ይጀምሩልሻል። «መጀመሪያ የሸመደዱትን ማን አስተማረዎት?» በያቸው፤ ወሬው ከዚያ ራሱ ይመጣል። ሲጨርሱ ቶሎ ብለሽ አትናገሪ። ሰው ዋናውን ነገር ዝም ከተባለ በኋላ ሲጨምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቅጂውን ለማሰራጨት ፈቃዳቸውን መጠየቅ እንዳትረሺ። የሌላ ደራሲ ሥራ በሰፊው የምታነቢ ከሆነም እንደዚያው፤ በቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። አጭር ጥቅስ ግን ችግር የለውም።

ናሙናውን ይዘሽ ደሴ ያለው የአሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ኤፍ ኤም ጋ ሂጂ። በአካል። የጥበብ ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን ሰው ጠይቂና አምስት ደቂቃውን ብቻ አሰሚው። ከወደደው ቀሪውን ራሱ ይጠይቅሻል።

ማስተርሱ? ይቆይ። አንድ ዓመት ናሙና ሠርተሽ ከሄድሽ ምን መማር እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ፤ ምናልባትም ጋዜጠኝነቱን ትተሽ ታሪክ ወይም ፎክሎር ትመርጪ ይሆናል። እንደ እኔ እንደ እኔ ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ያ ይሻላል፤ ማይክሮፎን አያያዝ ጣቢያው ያስተምርሻል።