ሲዲውን ሳትይዙ ከአዲስ አበባ እንዳትመለሱ

እህቴ፣ «ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ የወገቡ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ተንሸራቷል ተባለ። ህመሙ እግሩ ድረስ ይወርዳል። በካሜራ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ይሻለዋል ወይ?» ያልሽውን አየሁት። ቁርጥ የእኔ በሽታ ነው። ድሬዳዋ መጋላ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ማሽን ላይ ጎብጬ ነው ያመጣሁት።

1. መጀመሪያ ሲዲው! ኤም አር አይ (የወገቡን ውስጥ የሚያሳየውን ምስል) ሲነሳ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ ምስሉ ያለው ሲዲው ላይ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተነስቼ ማታ ወረቀቱን ሰጡኝ። «ሲዲው ነገ ነው» አሉ። የአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ ነበር፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ ወደ ድሬ። ሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልሆን ሲል አዲስ አበባ ተመልሼ ሰርጀን ዘንድ ቀረብኩ። ወረቀቱን ገለጥ እንኳ አላደረገውም። «ምስሉ የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዲስኩ በየት በኩል እንደወጣ በዓይኑ አይቶ ነው ከጎን ልግባ ወይስ ከኋላ የሚለውን የሚወስነው። እያነከስኩ ኤም አር አይ ወደተነሳሁበት ቤት ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ጠፍቷል፣ ድጋሚ ተነሳ» አለችኝ። አባቴ በሞተ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ድጋሚ ከፈልኩ፤ ሦስት ሌሊት አልጋ ተከራየሁ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

2. ኦፕራሲዮኑ ራሱ አያስፈራም። ቀዳዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔን በሆዴ አስተኝተው ቦታውን ብቻ አደነዘዙ። ሰርጀኑ እየሠራ «እግርህን ነዘረህ?» ይለኛል። ነርቩን እንዳይነካ ነው። ውሃ ሲፈስም ይሰማኛል። ሲጨርስ ያወጣውን አሳየኝ፤ ነጭ፣ ጮማ የመሰለ ቁራጭ። ይቺ ናት ዓመት ሙሉ ያስለቀሰችኝ? በማግስቱ በገዛ እግሬ ደረጃ ወረድኩ። «ወጌሻ ጋ ሂድና ይሽው» ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶቼ አሁን የሰርጀኑን ቁጥር ስጠን ይሉኛል።

ግን አትቸኩሉ። አብዛኛው ሰው ያለ ቢላዋ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ዲስኩ ድጋሚ የሚወጣበትም ሰው አለ። ሽንቱ አልወጣ ካለ፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግሩ መራመድ አቅቶት ከወደቀ ግን ያኔ ቀጠሮ የለም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

3. ምን ልል ነበር... አዎ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መሪውን ይተው። እኔን 6 ሳምንት አትጎንበስ፣ ከባድ አታንሳ ብለውኛል። ሹፌር ለሆነ ሰው ይሄ ከኦፕራሲዮኑ ይከብዳል፤ አውቃለሁ፣ ግን ቁርጡን ቀድመሽ ለባለ መኪናው ንገሪው። ሲመለስም በአውሮፕላን ይምጣ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ብር ላድን ብዬ በአውቶቡስ መጣሁ፤ ደንገጎን ስንወርድ እያንዳንዷን ጠመዝማዛ በስፌቴ ነው የቆጠርኳት።